አራት ጣት ወደ ግራ

ሐሙስ ከረፋዱ፣ አሮጌ ገበያ፣
ዱካሞ ሸራ ላይ አየኋት፣ ያቺን ማነጣጠሪያ፤
ከተፈታ ራዲዮ፣ ከግራ እግር ጫማ፣
እጀታው ከወለቀ መጥበሻ ጋር ተጋድማ።
ጥቁር ናት፣ ስንዝር ተኩል፣ ትንሽ የዛገች።
"ከሞጆ ነው የመጣች፣ የፈረንጅ ነበረች"
አለኝ። ዱካሞ ዘንድ ሁሉም ከፈረንጅ ነው፤
ራዲዮው፣ ጫማው፣ መጥበሻው።

ቀኜን ሞራ ጋርዶታል፤ ግራ ዐይኔን አስጠጋሁ፣
ዳር ዳሩን በተጫረ መስታወት ውስጥ ገባሁ።
አንዲት ፀጉር አለች ከመስቀሉ ክር ላይ፣ የማን እንደሁ እንጃ፤
ስንት ዐይን አይቶባት፣ በስንት ትከሻ፣ በስንቱ ጠመንጃ።
ከፀጉሯ ማዶ ግን ታቦር ተራራ
ሥሩን ነቅሎ መጥቶ ቆመ ከኔ ጋራ።

"ሁለት ሺህ" አለኝ። "ስምንት መቶ" አልኩት።
ሳቀብኝ። ሄድኩበት። ጠራኝ። ሳቅሁበት።
ፀሐይ አናታችን ላይ እስክትወጣ ድረስ፣
አንዴ እሱ ሲያለቅስ፣ አንዴ እኔ ሳለቅስ፣
ሺህ መቶ ሃምሳ ላይ ተጨባበጥን።
ብሎን ይጎድላታል፤ በምትኩ ዱካሞ
ካላማዳሪ ቆርጦ መረቀልኝ ደግሞ።
ልጄ ሰኞ ማለዳ እርሳስ ግዛ ብላኝ ነበር፤
እርሳሱንስ ገዛሁ፤ ቆርቆሮ ሙሉ ጥይት፣ ጽፎ የማያውቅ ነገር።

ድሮ ጥሪው እኔ ነበርኩ፤ ከሾላው ሥር፣ ሐይቁ ዳር፣
ክብሪት አቁሜ ራሷን ስበጥስ፣ ሰው ሲደረደር፣
"ሦስት ጥይት በሃያ! ና፣ አንተ ልጅ፣ ሞክር!"
ዘንድሮ ክብሪቷ ሁለት ሆነችብኝ፤
በመሃላቸው ተኮስኩ። ሊስትሮዎች ሳቁብኝ።
አባ ኮዳው ሳይቀር፣ ዓሣ የሚጠብቀው፣
ፊቱን አዞረብኝ፣ እንደ ዘመድ ሐፍረት ሲይዘው።

ማታ ግቢ ውስጥ ካላማዳሪውን ጠመጠምኩ፤
የቆርቆሮው አጥር ላይ ነጥብ አድርጌ ተኮስኩ።
ነጥቡ እዚህ፣ ቀዳዳው እዚያ፤
አራት ጣት ወደ ግራ።
ቁልፏን ባዞራት ቀጭ፣ ቀጭ አለች፣ እንደ ሰዓት።
ደግሜ ተኮስኩ፤ አራት ጣት።
እስከ መጨረሻው አዞርኳት፣ መለስኳት፤
ቀጭታው ድምፅ ብቻ ነው፣
ውስጧ የሚሰማው የለም።
ሃያ እርሳስ ፈጀሁ፤ ሃያውም ተከታትሎ
እዚያችው ቀዳዳ ገባ፤
እኔም ያኔ ገባኝ፦
ትዋሻለች እንጂ አትወላውልም።

ቅዳሜ ቀዩን ፊኛ ልመታ
በቀኙ ያለውን ቢጫ አነጣጠርኩ። ቀዩ ፈነዳ።
ሰዉ ተመለሰ። አባ ኮዳው አልተመለሰም።

ለመጣው ሁሉ እውነቱን ነገርኩት፣
"ወንድሜ፣ ወደ ግራ ትስታለች፣ አራት ጣት፤ ቀኙን ያዝ።"
ጠመንጃ አከራይ እውነት ሲናገር ማን ሰምቶ ያውቃል?
"ነቅተንብሃል" ይላል፤ በአንድ ዐይኑ ይስቃል፤
ልክ መሃሉን ይዞ ትንፋሹን ይውጣል፣
ሸራዬን ይበሳል፣ ሃያ ብር ይጨምራል።
ወሩ ሳይሞላ የመነጽሯ ዋጋ ተመለሰ።
በውሸት ያጣሁትን እንጀራ
በእውነት በላሁት። ደስ አላለኝም፤ አላፈርኩምም።

እሑድ አመሻሽ ላይ ዳመነች መጣች፣ ለውዝ አዟሪዋ፤
ባልዲዋን አስቀመጠች፣ ሃያ ብሯን ከመቀነቷ ፈታች።
ነገርኳት። አልሳቀችም።
"አራት ጣት? በማን ጣት?"
በኔ፣ አልኳት።
እጄን ይዛ ከእጇ ለካች፤ በራሷ ስድስት ሆነ።
ከዳር ያለውን ፊኛ ልትመታ
ምንም የሌለበት ባዶ ሸራ ላይ አነጣጠረች።
ሦስት ጥይት፣ ሦስት ፊኛ።

"እንዴት አመንሽኝ?" አልኳት፣ ብስኩቱን ስሰጣት።
የምትሰፍርበትን ጣሳ ገልብጣ አሳየችኝ፤
ሥሩ ወደ ውስጥ ተቀጥቅጧል፣
አንድ ጣት ሙሉ።
"እኔም ለጠየቀኝ እናገራለሁ" አለች፣
"እስካሁን የጠየቀኝ የለም።"

መንገድ ስትጀምር ጠራኋት፤
አንድ ጣሳ ለውዝ ገዛሁ።
አልጠየቅኋትም።