ሁለት ብልቃጥ

ሳስካቱን፣ በጥር፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፤
ምድር ቤት ነው ሥራዬ፣ መስኮት የሌለበት።
በቱቦ ተወርውሮ ሲደርሰኝ ደሙ
ሙቀቱ አልለቀቀም፣ አልደረቀም ስሙ።

ሁለት ብልቃጥ፤
አንዱ የእናት፣ አንዱ የልጅ፤
ከአንድ ክፍል የመጡ፣ ከአንድ ምጥ።

የሻርሊን ነጭ ሕዋስ ሃያ ሦስት ሺህ ሞላ።
በሌላ ቀን ቢሆን
ቁስል ነው የሚፈለግ፣ መግል ወይ ሌላ።
ስልኩ ጮኸ፤ ሐኪሙ፣ ጀማሪ ነው መሰል፣
«ኢንፌክሽን ይሆን ወይ? መድኃኒት ልጀምር?» ሲል
«ትኩሳት አላት?» አልኩት። የላትም።
«እኔ ቆጣሪ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁ፣
ግን ይህን ቁጥር በየሌሊቱ አያለሁ፤
ዘጠኝ ወር የከረመ እንግዳ ሲወጣ
ዘበኛው ሁሉ ነቅቶ ደጃፍ ላይ መጣ።
ማንም አልወረራት። ምጥ ነው ይሄ፣ ምጥ ነው።»
ዝም አለ። ከጀርባው
የሚጮህ ሰማሁ፤ ጉሮሮው አዲስ ነው።

የልጁንም አየሁ። ስም እንኳ አልወጣለት፤
«የሻርሊን ወንድ ልጅ» ተብሎ ተጻፈበት።
ከመስታወቱ በታች ሕዋሶቹ ጎርፈዋል፣
ያልበሰሉት ሳይቀሩ ከመቅኔ ሮጠዋል፣
ደወል እንደሰማ፣ ጫማውን ሳያስር
እንደወጣ ምልምል።
ማንን ሊዋጋ ነው? ጠላት መች አየና!
ኩፍኝን ግን ያውቃል፤
እናቱ በመርፌ የተማረችውን በእትብት አጠና።
ብድር ነው፤ በመንፈቅ ተመናምኖ ያልቃል።

ቋንቋዬ ይገርማል፤
መጤ የሚያባርረውን «ፀረ እንግዳ» ብሎ
እንግዳ የሚያበላውን «የእንግዴ ልጅ» ይላል፣
ሁለቱን በአንድ ደጅ፣ በአንድ ቃል አውሎ።

አሥር ሰዓት ሲሆን ሌላ ጥንድ መጣልኝ፤
በቀዶ፣ ያለ ምጥ።
ቁጥሩ እርጋታ ነው፤ እርጋታው ረበሸኝ።

የኔዋን ትርሲትን ሐሙስ ጠዋት በቀጠሮ
ነው ያወጡልኝ። እያዛጋች ወጣች፣
እንቅልፍ እንደተቀማ ሰው ፊቷ ተኮሳትሮ።
ዛሬ ዘጠኝ ዓመቷ፤ ውርጭ ሲጠና ደረቷ ያፏጫል፤
አንዱ ኢንሄለር ከሷ፣ አንዱ ከኔ ኪስ ይውላል።
ያን ማዕበል ነሳኋት?
አንዱ ጥናት «ሳይሆን አይቀርም»፣ ሌላው «እንጃ» ይላል።
ቀን ቀን «እንጃ»ን እይዛለሁ፤
ሌሊት ሌሊት ግን እቆጥራለሁ።

እንገሬም ዘገየ። በሦስተኛው ማታ
ነርሷ በሲሪንጅ ለቅማ አጎረሰቻት
ያችን ቢጫ ጠብታ።
ዘብ ነበረ እሱም፣ ዘግይቶ የመጣ፤
ጥፋቴን ስደምር ለምን ከሂሳብ ወጣ?

ደግሞ ያነበብኩት አለ፤
ከልጅ ደም ጥቂቱ ከእናት ደም ይቀራል፣
ወር አይደለም፣ ዓመት፣ አሥር ዓመት ያድራል።
አንድ ሌሊት የራሴን ጣት ወግቼ አየሁት፤
ሁሉም አንድ መልክ ነው። የቱ እሷ፣ የቱ እኔ፣
አልለየሁት።

ተረኛው መጣ። ውጪ
ከዜሮ በታች ሠላሳ ስምንት ነው፤ መኪናዬ
በማሞቂያዋ ገመድ ከግንብ ታስራ አድራለች።
ስልክ ጠራ። «እማ፣ ጓንቴ የት አለ?»
ትርመሰመሳለች፤ መሳቢያ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች።
እሷ ጓንቷን ትፈልጋለች፤
እኔ አፌን ይዤ ትንፋሿን እቆጥራለሁ።
አንድ።
ሁለት። አላፏጨም።
ሦስት።