እስከ ሺ ሃያ ሦስት

አንትወርፕ፣ ምድር ቤት፣ ከወደቡ ኋላ፣
ጎደሊቭ አመሸች እራቷን ሳትበላ።
ስዊቹ ይሞቃል። ካርቶኑ ላይ ማኅተም፦
«ደንቡን ጠንቅቆ ያውቃል፤
አድራሻው እስከ ዐሥራ ስድስት ቢት ይዘልቃል።»

አንድ ሴል ላከች፤ አለፈ።
በመቶኛው ቁጥር ላከች፤ አለፈ።
ሺ ሃያ ሦስትም ደጁን አልሳተም፤ ከነፈ።

ሺ ሃያ አራት ግን፦
ድምፅ የለም።
ቀይ መብራት የለም። ስሞታ የለም።
አምሳ ሦስት ባይት፣ አምስቱ ላድራሻ፣
ወጥቶ ቀረ እንጂ የለውም መድረሻ።

ስታፍ ደወለላት፦ «ሺ ደጅ ማን ይሞላል?
አንድ ቃል ጻፊበት፤ በቃ፣ ‹ያሟላል›።»

እሷ ግን ያን ሰው አሰበችው፣
ቁጥሩ ሺ ሃያ አራት የወጣለትን፤
ምናልባት ጌንት ውስጥ፣ ከራጅ ክፍል ያለ፣
ምስሉን የሚጠብቅ፣ «ዘገየ» እያለ፣
ማንም ያልነገረው ደጁ እንደሌለ።

ብዕሯን አነሣች። «ያሟላል» ጻፈችው፤
ከጎኑ በትንሹ፣ በእጇ ጨመረችው፦
«እስከ ሺ ሃያ ሦስት።
ከዚያ ወዲያ ለሚያንኳኳ
‹የለሁም› እንኳ አይልም።»

ካፖርቷን ደረበች።
የመጨረሻው ትራም አምልጧት ነበር።