የሐሙስ መርፌ

አንቺ ንብ፣
ስምሽ በቤታችን ሳይነሣ ሦስት ክረምት አለፈ፤
“ያቺ” ብቻ ትባዪ ነበር፣ ደም እንዳለበት ዘመድ፤
የማሩም ገንቦ ተደፍቶ አረፈ።

ግንቦት ነበር፤ ማና፣ ብሳናው አብቦ፣
የአባቴ ቀፎ ከቅርንጫፉ ወርዶ፣ በጢስ ተከብቦ፤
እጄን ሰደድኩ።
ነደፍሽኝ፣ ከጆሮዬ ሥር፣ አንድ ጊዜ ብቻ፤
ሃያ ጊዜ ነድፈሽኝ የሣቅኩብሽ፣ የልጅነት አቻ።
ምላሴ ጎረሰኝ።
ጉሮሮዬ እንደ ከረጢት አፍ ታሰረ፤
ባጃጁ በየጉድጓዱ ሲዘል፣ ሹፌሩ “ያ ረቢ” ሲል፣
የጅማ መብራት ካይኔ ተሰወረ።

“ልትገድልህ የነበረችው ንቧ አይደለችም” አለችኝ ዶክተር ኒዕመት፣
“ደጅህ ያቆምከው ዘበኛ ነው፤
ዝንብ ባለፈ ቁጥር ጥይቱን የሚጨርሰው፣
እንግዳ ቢያንኳኳ ቤቱን የሚያቃጥለው።”
“ታዲያ ላባረው?”
“ያለ ዘበኛ ማን ያድራል? ይለማመዳል እንጂ፤
የሚፈራውን በጭላፊ፣ በጭላፊ እያሳየነው።”

ብልቃጧ ከባሕር ማዶ መጣች፣ በበረዶ ሣጥን ታሽጋ፤
ውስጧ አንቺ ነበርሽ፣
የጣት ጫፍ የማታርስ ጠብታ፣ በውሃ ላይ ውሃ ተጨምሮብሽ፣
መርዝነትሽን እስክትረሺው።

ሐሙስ ሐሙስ፣ አገር ሁሉ ወደ ገበያ ሲወርድ፣
እኔ ክንዴን ይዤ ወደ ሆስፒታሉ ስሄድ፣
ሲስተር ዘኪያ በጥጥ እያሸችኝ፣
“ቀስ በቀስ እንቁላል...” ትልና ትተወዋለች፤
አንድም ቀን አልጨረሰችው።
“ግማሽ ሰዓት ቁጭ በል” ትላለች።

አግዳሚው ላይ ፈናን አለች፣ የስድስት ዓመት ልጅ፣
የለውዝ ዱቄት የምትልስ፣ ጥፍር ሥር የሚገባ፤
እናቷ የልጅቷን ከንፈር ታያለች፣ እኔ የእናቷን እጅ።
“አንተስ ምን ትበላለህ?”
“ንብ።”
ሣቀች፤ ዱቄቱ በአፍንጫዋ ወጣ፤
ሦስት ሰው ከመቀመጫው ብድግ አለ።
ምንም አልሆነች። ሣቋ ብቻ ቀጠለ።

ሁሌ እንዲህ አልነበረም።
ብልቃጥ የጠፋበት ወር ነበር፤
ከሙሉ ጠብታ ወደ ግማሽ፣ ከግማሽ ወደ ጤዛ ተመለስን።
ቀፎዎቹን ለአማቼ ሸጥኩ።
“መርዝን በመርዝ! ይሄ ሰው አብዷል” ያሉም አልጠፉ፤
እኔም አንዳንድ ሌሊት አብሬያቸው አልኩ።

ትናንት፣ አዌቱ ድልድይ አጠገብ፣ ብርቱካን ስመርጥ፣
አውራ ጣቴ ላይ አረፍሽ።
ነደፍሽኝ።
ዘንቢሌን አስቀመጥኩ። ሰዓቴን አየሁ።
“ምነው፣ ዋጋው በዛብህ?” አለች ሻጯ።
“ግማሽ ሰዓት ስጪኝ።”
ፊቴን አይታ በርጩማዋን ለቀቀችልኝ።

አምስት ደቂቃ። አሥር።
ሽምብራ የሚያህል እብጠት፣ ትንሽ ማሳከክ፤
ዘበኛዬ በሩን ገርበብ አደረገ፣ አየሽ፣
“እሷ ናት” አለና ተመልሶ ተኛ።

አንቺ ግን
መንደፊያሽን ጣቴ ላይ ትተሽ፣
ብርቱካኑ ላይ ተገለበጥሽ፣ እግርሽ አየር እየቧጠጠ።
አንቺን ማን ያለማምድሽ?
ለእኔ ሦስት ዓመት ተቆጠረልኝ፣ በጠብታ፣ በጠብታ፤
ላንቺ አንድ ጊዜ፣ ያውም ሙሉውን።

ግማሽ ሰዓቱ ሲያልቅ አልተነሣሁም።
ሌላ ግማሽ ሰዓት ተቀመጥኩልሽ፣
ሻጯ በርጩማዋን እስክትጠይቀኝ።