የድልድዩ ሦስተኛ እግር

ከደብረ ብርሃን ወጥቶ ወደ አንኮበር ሲኬድ፣
መንገዱ ከገብሱ ማሳ ሥር ወደ ጅረት ሲወርድ፣
አንድ ድልድይ አለ ስም ያልወጣለት፣
ከአራቱ እግሮቹ አንዱ የታመመበት።
ያየሁት በኅዳር ነው፣ በብርዱ ማለዳ፣
ውርጩ እንደ ጨው ዱቄት ነጭቶ በሜዳ፤
ብረቱ እንደ ጎድን በጎኑ አግጦ፣
ዝገት ከውስጥ አብጦ ሽፋኑን ፈልጦ።

ሸዋንግዛው መዶሻውን አነሳ።
አልመታም፤ አንኳኳ፣
የታመመ ሰው ደጃፍ እንደቆመ ጠያቂ።
"ኳ" ሲል ጤነኛ፣ "ድው" ሲል ባዶ ነው፤
ጆሮውን አስጠግቶ ዙሪያውን ዞረው፣
"ድው" ያለውን ሁሉ በጠመኔ ከበበው።
ሲጨርስ እግሩ ላይ ካርታ ተስሎ ነበር፣
ማንም ሊሄድበት የማይመኘው አገር።

ማንያዘዋል መጣ ከመጋዘን ሮጦ፣
ሁለት ጣሳ ታቅፎ፣ ደረቱን አሳብጦ፦
"ኢፖክሲ ነው ኢንጂነር፣ ከአዲስ አበባ፣
ድንጋይ ከድንጋይ ጋር በአንድ ሌሊት የሚያጋባ!
ከኮንክሪቱ ሦስት እጥፍ ይጠነክራል፤
ወረቀቱን እዪው፣ ቁጥሩ ይናገራል።"

ቁጥሩ ይናገራል። አልዋሸም።
ግን ፀሐይ ሲመታው ስንት ይለጠጣል?
ሌሊት ውርጭ ሲይዘው ስንት ይኮማተራል?
ከጎኑ ያለው ሽማግሌ ኮንክሪት
ውስጡ የያዘውን እርጥበት ሲተነፍስ፣
አብሮት ይተነፍሳል፣ ወይስ አፉን ያፍነዋል?
ይህን ሁሉ አላልኩትም።
ያልኩት፣ "አስቀምጠው" ብቻ።

ምክንያቱም ከሦስት ክረምት በፊት
ይህንኑ እግር የጠገንኩት እኔ ነኝ።
ያኔ ብርቱ ነገር እወድ ነበር፤
ከዝርዝሩ አናት ላይ ያለውን መረጥኩ።
መዝገቡ ላይ ፊርማዬ አለ፣ በሰማያዊ ቀለም፦
አያልነሽ ወንድአፍራሽ።
የአባቴን ስም ዘንድሮ ዳግም ሳነበው
ግማሹ ለእኔ የተጻፈ መሰለኝ።

ልጥፉ አልተሰበረም። ዛሬም ሙሉ ነው፤
ጅረቱ ውስጥ ወድቆ ውሃ ያጥበዋል፣
ጀርባው ላይ የአሮጌውን ቆዳ እንደያዘ።
እሱ ጠንክሮ ቀረ፤
የተቀደደው ያቀፈው ነው።

ሸዋንግዛው የመንዝ ሰው ነው፣ ወሬ አያበዛም።
ጣሳዎቹን አየ፣ ልጁን አየ፦
"ባና ሲቀደድብህ ጠጉር ፈትለህ ጣፈው፤
ሲባጎ ጎትቶ ዳሩን ነው የሚገፍፈው።"

እስከ ጤነኛው ድረስ ጠረብን፣
ከብረቱ ጀርባ ጣት እስኪያልፍ ፈለፈልን።
አሸዋውን ከጀማ አስመጣን፣
በጠርሙስ ውሃ አናውጠን አስቀመጥነው፤
ጭቃው ሁለት ጣት ቢዘቅጥ መኪናውን መለስን፤
ሹፌሩ እስከ አያቶቻችን ድረስ ሰደበን።
የሁለተኛው ጭነት ጭቃ ከጥፍር አልበለጠም።
ሲሚንቶው ያው ተራው፣
እንደ ወተት የነጣ ላስቲክ ጠብ ተደርጎበት፣
ውሃው በስስት ተለክቶ።
ጥንካሬው? ከአሮጌው እኩል፣
ምናልባትም ትንሽ ዝቅ።
"ይቺው ናት?" አለ ማንያዘዋል፣ ፊቱ ወድቆ።
ይቺው ናት።

መጀመሪያ አሮጌውን አጠጣነው፤
የተጠማ ግንብ የእንግዳውን ውሃ ይሰርቃል።
ከዚያ በመዳፍ፣ እየጠቀጠቅን፣ በስሱ በስሱ።
ቀን እርጥብ ጆንያ፣ ማታ ገለባና ሸራ፤
አዲስ የተለሰነ ሕፃን ነው፣ ውርጭ አያውቅም።

በአራተኛው ሌሊት ብርዱ ጠና።
ጠዋት ስደርስ የማንያዘዋል ጋቢ
የድልድዩን እግር ጠምጥሞታል፤
እሱ እሳት ዳር ተኮራምቷል።
ምንም አልተባባልንም።

በሃያ ስምንተኛው ቀን ሸዋንግዛው አንኳኳ።
ኳ።
ትንሽ ወደ ግራ፣ ኳ።
አሮጌና አዲሱ የሚዋሰኑበት ላይ ሲደርስ
ቆም አለ፣ ሁለት ጊዜ ደገመ፣
ጆሮውን ለጠፈ።
ከዚያ ጠመኔውን ወደ ኪሱ መለሰ።

እኔ መዝገቡን ይዤ፣ እስክሪብቶዬን ከፍቼ፣
ገና አልፈረምኩም።
ገብስ የጫነ አይሱዙ በላያችን አለፈ፤
ድልድዩ በጥቂቱ ተነቃነቀ፣
ልጥፉም አብሮ።