የኑሪያ ደብተር

ሁለት ልጆች መጡ ሱቄ፣ ከፊራ፣ በቀትር ሐሩር፤
አንዱ ረምዚ፣ አባቱ በያጅ፣ የምድር ባቡር፤
አንዱ ወንደሰን፣ ሲያስብ ጥፍሩን የሚነክስ፣
ቀበቶው ወገቡን ዞሮ ሁለተኛ የሚደርስ።
በጆንያ ያቀፉት ዕቃ ክዳኑ በፕላስተር የተለጠፈ፣
ከታይዋን ተራ የተገዛ፣ ግማሽ ፊደሉ የረገፈ።

«አቦ ኑሪያ! ደብተርሽን አውሺን፣ ለሦስት ቀን።»
የዱቤ ደብተሬን! ዘይት የጠጣውን፣
ከኔ በቀር ማንም የማያነበውን፤
«ቀይዋ፣ ስኳር»፣ «የኢሱዙው ድሪባ»፣ «ባለ ወርቅ ጥርስ»...
ደቻቱ በሞላ ሌሊት ከልብሴ በፊት ያወጣሁትን ቅርስ።

ሰጠኋቸው።

በረምዚ እናት ጓዳ፣ ማራገቢያው እየተንቋቋ፣
ዕቃው መብራት ሲሄድ እያንቀላፋ፣ ሲመጣ እየነቃ፣
ገጽ በገጽ አጎረሱት፣ እንደ ሕፃን፤
ወር ተኩል ሆነ ያ ሦስት ቀን።
ከዚያ «ቁልፏን ተጫኚ» አሉኝ። ተጫንኩ። ድምሩ ወጣ፤
አሥራ አንድ ዓመት የሸሸኝ ሒሳብ ሳንቲም ሳይጎድል መጣ።
ወንደሰን ሳቀ። ያን ቀን ብቻ ነው ጥርሱን ያየሁት።

ከዚያማ ማን ይያዛቸው! የሳቢያን ወፍጮ ቤት፣
የአዋዳይ ጫት ጫኝ፣ የጅግጅጋ ወተት፣
የሐረር ሸዋ በር ጨርቅ ነጋዴ ሁሉ
«የድሬ ልጆች ደብተር አለህ?» ይባባሉ።
መጀመሪያ ሦስት ወንበር፣ ከዚራ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር፤
ቀጥሎ ፎቅ፣ ቀጥሎ ሊፍት፣ ቀጥሎ ቦሌ፣ የመስታወት አጥር፤
ቀጥሎ ረምዚ በቴሌቪዥን፣ ስለ «ራእይ» ሲናገር።
ወንደሰን? መሐል መንገድ ወረደ። ለምን? አልጠየቅኩም።
ሳቢያን ስልክ ይጠግናል፤ ስለዚያ ነገር አያወራም።

ዘንድሮ በረመዳን ረምዚ መጣ፤ አልረሳኝም፣ ልጄ ነው፤
አዲሱን ጫነልኝ ስልኬ ላይ፤ እንዴት ያለ ፈጣን ነው!
ስነካካው ድሪባን አገኘሁት፤ አራት መቶ ብር፣ በቀይ።
ድሪባ እኮ ሞቷል፤ ደንገጎ፣ ያ ጠመዝማዛ ላይ።
በየወሩ ግን «ውድ ደንበኛ፣ ይክፈሉ» ይለዋል፤
መሬት ውስጥ ማን ያነብለታል?

በደብተሬ ቢሆን በአንድ መስመር ሰርዤ፣
ከጎኑ «ይቅር» እጽፍ ነበር፣ እስክሪብቶ ይዤ።
«ረምዚ፣ ይቅር የቱ ጋ ነው? የትኛውን ልጫን?»

ስልኩን ተቀበለኝ። ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ እንደገና ወደ ላይ።
አዛን ተባለ፤ ቴምሩን ሳይነካው ቀረ፣ ሳህኑ ላይ።
«እሱን ቦታ» አለ በመጨረሻ፣
«ወንደሰን ነበር የሚሠራው።»