ሰባት በመቶ

ወገል ጤና ላይ ነው፤ ዘጠነኛ «ሐ» ክፍል፤
ሰባ አንድ ተማሪ፣ አንድ የኔ ሞባይል።
መስታወቱ ነቅቷል ከጥግ እስከ መሀል፣
ጣት እንዳይቆርጥ ብዬ ፕላስተር ለጥፌበታል።

ምዕራፉ ብርሃን ነው። መጽሐፉም ያዛል፦
«ሰባቱን ቀለማት ከሥዕሉ ተመልከት»፤
ሥዕሉ ፎቶ ኮፒ፣ የኮፒ ኮፒ ነው፣ ያውም የስንት ዓመት፤
ቀዩም አመድ ሆኗል፣ ሰማያዊው አመድ፤
የማርያም መቀነት የምድጃ ዘመድ።

ኔትወርክ የሚገኘው ከአጥራችን ባሻገር፣
ከአንዲት ቋጥኝ ራስ ነው፣ ሳይነጋጋ ምድር።
ጋቢዬን ደርቤ፣ ፊቴን ወደ ምሥራቅ፣ ስልኩን ወደ ላይ፣
ቆሜያለሁ፤ ጥበቃው ጋሽ ምሳው ከታች ሆኖ ሲያይ፦
«መምህር፣ ከሰማይ ምንድን ነው ምታወርደው?»
«ትምህርት ነው፣ ጋሽ ምሳው።»
«እኛ እንኳ የምናውቀው
የሚወርድ ዝናብ ነው፤ ሲከፋም በረዶ።»
ግማሽ ሰዓት ፈጀ
የአራት ደቂቃ ቪዲዮ ተንጠባጥቦ ወርዶ።

ሰባት ሰባት ሆነው በዙር ይቀርባሉ፤
የቀሩት ቤንች ላይ ጥያቄ ይጽፋሉ።
ቋንቋው የባዕድ ነው፤ እኔ እየተረጎምኩ፣
ቃል ሲያጥረኝ በጣቴ አየር ላይ እየሣልኩ፦
በድንጋዩ ሆድ ውስጥ፣ ከጤፍ እልፍ ጊዜ ያነሡ ኳሶች
ተሰልፈው አሉ፣ እንደ ጠዋት ሰልፍ፣ እንደኛ ልጆች፤
ብርሃን ሊሾልክ ሲል በመካከላቸው
አስቁመው፣ ፈትሸው፣
ቀዩን ወዲያ፣ አረንጓዴውን ወዲህ ይሰዱታል ለይተው።

ጦይባ ይመር ያኔ፣ በሦስተኛው ዙር፣
የሻርፗን ጫፍ ፈታች፤ ከቋጠሮው ሥር
ኦፓል። የአውራ ጣት ጥፍር ብታክል ነው።
አባቷ ከገደሉ በእጅ ባትሪ ብርሃን ፈልፍለው ያመጧት፣
ደላላው «ነቅታለች» ብሎ የናቃት።
ወደ መስኮቱ ይዛ ዞር ስታደርጋት
እሳት፣ ቅጠል፣ ውኃ።
ክፍሉ ትንፋሽ አጣ።
እንግዳ ሆኖባቸው አይደለም፤ ከልጅነት ጀምሮ በእጃቸው ነበር፤
ያዩት ነበር እንጂ አላነበቡትም እንደ ፊደል ዘር።

«መምህር፣ እዚያ ማዶ ስንት ነው ይቺ?» አለች።
ፊዚክስ አይደለም ማለት ይቻለኝ ነበር።
ባትሪው ሰባት በመቶ፤ ቀይ መስመር።
ሰባ አንዱም ተነሡ፤ ቋጥኟ ላይ ወጣን፤
ክቧ ዞረች፣ ዞረች፤ ገጹ ተከፈተ፤ ዋጋው አፈጠጠብን።

ጦይባ አምና በአንድ ኩንታል ማዳበሪያ ዋጋ
የሄደችውን የዚችን እኅት አስባ
መዳፏ ላይ በእስክሪብቶ አካፈለች፤
«ሠላሳ ስምንት እጅ» አለች፣ «ቀሪም አለው» አለች።
ስልኩ ያኔ ጠፋ።
በጥቁሩ መስታወት ፊታችን ተከማቸ፣ ከመሀል የነቃ።
የደላላው ልጅ አራጋው ከኋላ ቆሞ
ጫማውን ያያል።

በማግስቱ አባቱ መጡ፦ «ብርሃን አስተምር
ተባልክ እንጂ ገበያን ማን አለህ? ንገር!»
ርእሰ መምህሩን ሳል ያዛቸው። እኔም፣ እውነት ለመናገር፣
ሌሊቱን አልተኛሁም ነበር፦
ያየነው የተሞረደ፣ የተወለወለ ድንጋይ ዋጋ ነው፤
የኛዋ ጥሬ ናት።
ልጅቷን በግማሽ እውነት አቃጠልኳት እንዴ?

ሐሙስ፣ ሰሌዳው ላይ «ጥሬ» እና «የተሞረደ» ብዬ
ስህተቴን ጻፍኩት በራሴ ጠመኔ።
ጦይባ መዳፏን ጨበጠች፤ ቀለሙ ገና አልለቀቀም።
የጥያቄ ወረቀት ሰበሰብኩ፤ አንዱ፣ ስም የሌለው፣
እጅ ጽሑፉን ግን የማውቀው፦
«መሞረድስ በቪዲዮ ይማሩታል ወይ?»
የአራጋው ነው።

ቅዳሜ። ውርጭ። ቋጥኟ ላይ አራት ሰው፤
እኔ፣ ጦይባ፣ አራጋው፣
አባቷ ይመር፣ ጥፍራቸው የጉድጓድ አፈር እንደያዘ
መዳፋቸውን ወደ ስልኩ እንደ እሳት ዘርግተው።
ባትሪው ሙሉ ነው።
ጋሽ ምሳው ከታች፦ «ዛሬስ ምን ሊወርድ ነው?»
ክቧ ትዞራለች።