የውብ ዳር

ስቱዲዮው ጠባብ ነው፣ ከደረጃው ሥር፣
ከሲኒማው ማዶ፣ ከወርቅ ቤቱ ዳር፤
ዕድሜዬን ጨረስሁት እዚያ በመጎንበስ፣
ኔጋቲቭ ዘርግቼ የሰው ፊት ለማደስ።
እርሳሴን በምላጭ እንደ መርፌ ቀርጬ
ጠባሳ እሞላለሁ፣ ትንፋሼን ውጬ።
ኔጋቲቭ ግልብጥ ነው፤ በዚያ ዓለም ሕግ
ጥቁር ስትጨምር ፊት ይላል ፍግግ።

ፈንጣጣ ያልነካው ስንት ፊት ነበረ?
"አንዱም እንዳይታይ!" ያላለኝ ማን ቀረ?
ለሠርግ፣ ለፓስፖርት፣ ለሙት ዓመት ብለው፤
እኔም እንደ እንቁላል ልጬ፣ አለስልሼው
እሸኝ ነበር ሰውን፣
ለገዛ እናቱ እንግዳ አድርጌው።

ሐምሌ ላይ ሬዲዮው "ረገጧት" ቢለንም
ክረምት ነበርና ጨረቃን አላየንም።
መስከረም ሲጠባ፣ ጭቃው ሲደርቅ ገና፣
አቶ ወሰንየለህ ጡረታ ወጡና
(ቀያሽ ነበሩ፣ የድንበር፣ የመሬት)
ሦስት እግር ተከሉ ከአደባባዩ ፊት።
"አንድ ዓይን በስሙኒ! ጨረቃን ቅረቡ!
ሌላውን በነጻ ጨፍኑና ግቡ!"

ሊስትሮው፣ ሎተሪ አዟሪው፣ ከሲኒማ የወጣው
ተሰልፎ ሳለ፣ ወሬያቸው ነው የያዘው፦
"ሦስት መቶ ስልሳ ዓመቱ፣ ከባሕር ወዲያ
አንድ መምህር ነበር፤ የመነጽር ገበያ
የወለደው ቱቦ እጁ ገብቶ ኖሮ
ጨረቃዋን አየ ሌሊት አነጣጥሮ።
ብርሃንና ጥላ የሚዋሰኑበት
ዳሩ ቀጥ አላለም፤ አይጥ የበላው ወረቀት።
ከጨለማው በኩል ብልጭ ያለች ነጥብ አይቶ
'ተራራ ነው' አለ፤ ያው እንጦጦም ነግቶ
ጫፉ ፀሐይ ይሞቃል እኛ ሳንነሣ፣
ገና ጨለማ ውስጥ ስትተኛ ፒያሳ።
ርቀቱን ሰፈረ፤ እንደ ደብር ደብተራ
ጥላ በጫማ ለክቶ ሰዓት እንደሚጠራ።

ሊቃውንቱ ግን 'ሰማይ ጠባሳ የለው!
ጉድጓድ እንኳ ቢኖር፣ የማይታይ መስታወት ሞልቶታል፤
ላይዋ ልስልስ ነው' አሉት።" ሕዝቡ ሳቀ።
የኔ ሳቅ ለብቻው ጉሮሮዬ ላይ ደረቀ፤
ኪሴ ውስጥ ያለውን እርሳስ ጣቴ አወቀ።

ተራዬ ሲደርስ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ
አየሁ፤ ምን እንዳየሁ አልናገርም እኔ፤
ብቻ ዳሯን። ዳሯን።
"ሙሉ ስትሆን አትምጣ" አሉኝ፣ "ጥላ የላት፤
ያኔ እንደ አንተ ሥራ የፓስፖርት ፎቶ ናት።"

በሳምንቱ መጣች ወይዘሮ የውብዳር፣
የቴሌ ስልክ አገናኝ፤
ድምፅዋን ከተማው ያውቃል፣ ፊቷ ግን ምስጢር።
መብራቴን ወደ ጎን ገፋሁት ሳልነግራት፣
ጉንጯ ላይ ጎህ ቀደደ። ሁለት አጠብሁላት፦
አንዱን እንደ ወትሮው በእርሳስ የሞላሁት፣
አንዱን እንዳለ ያልነካሁት።

"ይህን ማን አዘዘህ?" አለችኝ። ሒሳቧን
ከፍላ፣ ልስልሱን ይዛ፣ አነሣች ቦርሳዋን።
ሌላው መሳቢያ ገባ። እኔም ወደ እርሳሴ፤
ኪራይ አይከፈልም ጨረቃ በማወደሴ።

አቶ ወሰንየለህ ሞቱ፤ ቱቦው የት እንዳለ
አላውቅም። የመንገዱ መብራት ኮከቡን ከለለ፤
እሷ ግን ትወጣለች።

ትናንት ልጅ መጣች፣ ጥቁር ለብሳ፣ ተክዛ፣
ያንን ልስልስ ፎቶ ከቦርሳዋ መዛ፤
"ለሙት ዓመቷ ነው። ግን እሷን አይመስልም፤
ፎቶ ትጠላ ነበር፣ ሌላ አንድ እንኳን የለም።"

መሳቢያውን ሳብሁት። አቧራውን በእጅጌዬ
ጠርጌ ሰጠኋት፣ ቃል ሳይወጣ ካፌ።
ወደ መስኮቱ ዞረች፤ ለብርሃን አስጠጋችው፤
ቆየች።
ከዚያም፣ ማንም ሳይነግራት፣
አንድ ዓይኗን ጨፈነች።